ውሃ ብቻ የነበረበት በርሜል

አስመራ ካለው የቃኘው ጦር ሰፈር ወደ አገሩ የተመለሰው አሜሪካዊ ትልቁን የዓሣ ገንዳ ለሻምበል እሸቱ ትቶለት፣ ማጣሪያውን ግን ይዞት ሄደ። ዲስከስ የሚባሉት እንደ ሳህን የተለጠጡ ዓሦች ደግሞ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ውለው አያድሩም። ሻምበሉ ስፖንጅ ሞከረ፤ ለዚያ ገንዳ አልበቃም። በመጨረሻ አሸዋና ከሰል የተሞላ በርሜል ይሻላል ብሎ ቆረጠና፣ ከመሥሪያ ቤቱ የምርመራ ክፍል አንዱን አስጭኖ የብረት ቀጥቃጮች ገበያ ወደሆነው መደበር ወሰደው።

ብረት ቀጥቃጩ ተኽለ በርሜሉን ዳበሰ። ጎኑ በጉልበት ቁመት ላይ ጎድጉዷል።

«ምን ነበረበት፣ ጎይታይ?»

«ውሃ ብቻ።»

ውሸት አልነበረም። እጁን የፊጥኝ ታስሮ ጭንቅላቱ ውሃው ውስጥ የተደፈቀ ሰው፣ ለመናገር ሲወስን በርሜሉን በጉልበቱ ሁለቴ ይመታል። ደንቡን ያወጣው ሻምበሉ ራሱ ነበር።

ተኽለ ጎድጓዳውን ቀጥቅጦ አቃናው። በርሜሉ ገጀረት ሰፈር ባለው የሻምበሉ ቪላ ሳሎን ውስጥ ከገንዳው ጎን ቆመ፤ ውሃውም ኩልል ብሎ ጠራ።

እሑድ ምሳ ላይ መብራት ጠፋና ውሃውን የሚገፋው ሞተር ቀጥ አለ። በርሜሉ ግን ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን አልተወም። ሻምበሉ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ዓሦቹ በሙሉ ወደ ማዶው ጥግ ሸሽተው ተፋፍገዋል። ቡልቅታው እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ጸጥ አለ።

ከዚያ ሁለቴ ተንኳኳ።

ባለቤቱ ይመኙሻል ከሳህኗ ቀና አለች። «ሰው መጣ መሰለኝ፤ ክፈትለት እንጂ!»

ሻምበሉ ወደ በሩ አልዞረም። ተኽለ ያቃናው የበርሜሉ ጎን፣ በጉልበት ቁመት ላይ እንደገና ጎድጉዶ ነበር።