የሰመተር እናት

ጉሌድ የስኳር ጆንያ እየቆጠረ ሲረከብ የእናቱን ድምፅ ከመጋዘኑ በር ሰማና ቁጥሩ ጠፋበት። የበርበራ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ እባክሽ ወደ ሥራ ቦታዬ እንዳትመጪ ብሏት ነበር። ደሃቦ ግን ልጇ ምሳውን ረስቶ ሲሄድ ቁጭ ብላ የምታይ ሴት አይደለችም።

«ጉሌድ ዋርሳሜን ጥራልኝ» አለችው ዘበኛውን። «ልጄ ነው።»

«ጉሌድ የሚባል እዚህ የለም፣ እናቴ።»

ጉሌድ ከጆንያው ክምር ጀርባ ደርቆ ቀረ። ከበሩ ውጭ ሥራ ፈላጊ ጎረምሶች እንደወትሮው ጥላ እየተሻሙ አንድ ሰው እስኪባረር ይጠብቃሉ። ታላቅ ወንድሙ ሰመተርም የከረመው እዚያው ጥላ ሥር ነበር። ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ጨርሶ፣ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ይመጣ ነበር። ጉሌድ ደግሞ «አንተ ተምረህ ምን አገኘህ?» እያለ ሲስቅበት ከርሞ የራሱን ትምህርት አቋረጠ። በመጨረሻ ሰመተር በጀልባ ሊሻገር ወጣ፤ ባሕሩ አስቀረው። መጋዘኑ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ይግቡ ያለው በዓመቱ ነው።

የወንድማማቾች የአባትም የአያትም ስም አንድ ነው። ጉሌድ የሰመተርን የምስክር ወረቀት ይዞ ገባ፤ ዘበኛውም ጎረምሶቹም ከሰመተር ወዲህ የመጡ ናቸው፣ መልኩን አያውቁም። ከዚያ ወዲህ በሟች ስም ይጠሩታል፣ እሱም አቤት ይላል፤ ለእናቱ ግን አልነገራትም። አንዳንዴ ሲጠሩት ከኋላው የቆመ ሰው ያለ ይመስለውና ዞር ብሎ ያያል። ይፈራል።

«ቆይ» አለ ዘበኛው። «ሰመተር ዋርሳሜን ነው እንዴ የምትፈልጊው? ቀጭኑን?»

ደሃቦ ያን ስም ለቅሶው ካበቃ ወዲህ ከአፏ አውጥታው አታውቅም፤ ቤት ውስጥ ከተነሳ ተነስታ ትወጣለች። ጥላ ሥር ያሉት ጎረምሶች ጆሯቸውን አቁመዋል። ሰመተርማ ሞቷል ብትል ጉሌድ ዛሬውኑ ይባረራል፣ ቦታው ሳይቀዘቅዝም ከእነሱ አንዱ ይገባበታል።

«አዎ» አለች፣ የምሳውን ሰሐን ወደ ደረቷ አስጠግታ። «ሰመተርን ጥራልኝ።»

«ሰመተር! እናትህ መጥታለች።»

ጉሌድ አቧራውን አራግፎ ወጣ። ሰሐኑን ሰጠችው። ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ። ሲያያት ግን እሷ እሱን አታይም። በትከሻው ላይ አሻግራ የወጣበትን በር እያየች ነው፣ ከኋላው ገና የሚመጣ እንዳለ።