ያለ መሸኛ የሄደ ቤት

ጥቅምት 9 ቀን 2190 ዓ.ም. በስሜን ግግር በረዶ ላይ በተሠራው ቤት ወይዘሮ ትርንጎ፣ ልጃቸው ማስተዋልና የቀድሞ ቀበሌያቸው ሹም አቶ መንበሩ ነበሩ።

«ያለ መሸኛ ከቀበሌያችን ወጥተዋል» አሉ ሹሙ።

«እኔ ከቤቴ አልወጣሁም። በረዶው ነው ቤቴን ይዞ የወረደው።»

«ማን ፈቅዶለት?»

«ክብደቱ ይገፋዋል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ደግሞ ያንሸራትተዋል። ከጓሮዬ ጫፍ፣ በረዶው በማይደርስበት አለት ላይ የቀበርኩት ባሌ እንኳ ዛሬ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።»

«እሳቸው ደንብ አክባሪ ናቸው፤ አልተንቀሳቀሱም።»

«ያለ መሸኛ ልጄን በዚህኛው ቀበሌ ትምህርት ቤት አይመዘግቡልኝም። መቼ ይደርሳል?»

«እንደ በረዶው አያጣድፉኝ፣ እሜቴ።»

መሸኛው ከስምንት ወር በኋላ ወጣ። ቤቱ ግን ያንንም ቀበሌ አልፎ ሦስተኛ ቀበሌ ገብቶ ነበር። ማስተዋል በዚያ ዓመት አልተማረችም።