ሠላሳዎቹ ረድፎች

ባልቴቷ ሻሉን ከሳፋው ሲያወጡት የወለል መወልወያ ይመስል ነበር። አሥር ሳምንት ተለፍቶበታል ቢባል የማያውቅ ሰው ይስቃል። እሳቸው ግን አልደነገጡም። የዳንቴል ሻል ከመርፌው ሲወርድ ሁልጊዜም ጭምድድ ያለ ነገር ነው። ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ዙሪያውን በእስፒል ወጥሮ ማድረቅ ይፈልጋል። ያኔ በእጥፍ ይሰፋል፤ ቀዳዳው ሁሉ ይከፈትና ቅጠሉ ቅጠል፣ አበባው አበባ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ጥሩውንም መጥፎውንም ደብቆ ይቀመጣል።

ፍራሹ ወለሉ ላይ ተነጥፏል። ባልቴቷ በአንድ በኩል ተንበረከኩ፣ ምራታቸው በሌላው በኩል። እስፒሉን የምትሰካው ምራቲቱ ነበረች፤ የባልቴቷ እጅ ዘንድሮ ይንቀጠቀጣል። ብርዱ ነው ይላሉ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠውም ቢሆን።

"ሳብ አድርጊው እንጂ! ምን ታባብይዋለሽ?"

"እሺ፣ እማማ።"

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የኤግዚቢሽኑ ሴትዮ ሻሉን ልትወስድ ትመጣለች። ሻሉ ትልቁ አዳራሽ መስኮት ላይ፣ ብርሃን ከኋላው እየገባ ይሰቀላል፤ ከሥሩ የባልቴቷ ስም ይጻፋል። አርባ ዓመት በዚህ ሙያ ስማቸው ሲጠራ ኖሯል። ይኼ የመጨረሻዬ ነው ብለዋል፤ ስለዚህ እንከን እንዲገኝበት አይፈልጉም። ሌላ ሰው እጁን እንዲያስገባበትማ ጭራሽ። "ሥራዬን የነካ ከዚህ ቤት ይወጣል" ብለው ገና ሲጀምሩ ተናግረዋል። የተናገሩት ምራቲቱን እያዩ ነበር።

የመጨረሻው እስፒል ሲሰካ ባልቴቷ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ ያሉ ሠላሳ የሚሆኑ ረድፎች የሰከረ ሰው የሠራቸው ይመስላሉ። አንዱ ቀዳዳ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፤ ቅጠሎቹ ጎብጠዋል። ከላይና ከታች ያለው ግን እንከን አይወጣለትም።

"ይኼ የእኔ እጅ አይደለም" አሉ።

ምራቲቱ የተረፉትን እስፒሎች ወደ ቆርቆሮው መለሰች። "ብዙም አይታይም፣ እማማ።"

"ዓይን የለኝም? ማን ነው የነካብኝ?"

ባልቴቷ ሰኞ ሰኞ ሥራ ሲጀምሩ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ፤ የየሳምንቱ ሥራ የሚለየው በዚያ ነው። በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። ብልሽቱ ከስድስተኛው ክር ይጀምርና ሰባተኛው ላይ ያበቃል።

"ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ምሳ በልቼ ጋደም ስል ነው ያደረግሽው! ስነሣ ሥራዬ የተውኩበት ረድፍ ላይ ነው የማገኘው፤ በምን ልጠርጥርሽ?"

"ያን ሳምንት እኮ አልነበርኩም። አራሷ እህቴ ጋ ነበርኩ።"

"መቼ ሄድሽ፣ መቼ መጣሽ፣ እኔ መዝገብ የለኝም!"

ከዚያ በኋላ ባልቴቷ መቀመጥ አልቻሉም። ፍራሹን ዞሩት። መስኮቱን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ መልሰው ከፈቱ። ወጥ ቤት ሄደው ለምን እንደሄዱ ጠፋቸውና ተመለሱ። አርባ ዓመት የጠበቁት ስም በሠላሳ ረድፍ ሊሄድ ነው። በመጨረሻ ዘው ብለው ምራቲቱ መኝታ ክፍል ገቡና መሳቢያዋን ሳቡ።

የእሳቸው ዓይነት መርፌ አገኙ፣ ቁጥሩም ያው። ከጎኑ ከተሠራ ሥራ ላይ የተፈታ፣ ጥቅልል ጥቅልል ያለ ክር አለ። የሻሉ ክር ነው።

"ይኸውልሽ! ይኼስ?"

ምራቲቱ ተከትላ ገብታ መሳቢያውን መልሳ ዘጋች።

"ቁጭ በይ። እዚሁ እፊቴ መዳፍ የምታህል ናሙና ሥሪ። ነክሬ፣ ወጥሬ፣ ከብልሽቱ ጋር አስተያያታለሁ። እጅሽ ራሱ ይመስክርብሽ።"

"ይቅርብዎት፣ እማማ።"

"ፈራሽ!"

ምራቲቱ ተቀመጠች። የንድፉን ወረቀት እንኳ ሳትጠይቅ ቅጠሉን ከአበባው እያያያዘች ሠራችው። ባልቴቷ እጃቸውን አጨበጨቡ፤ "በቃልሽ ይዘሽዋላ! ጉድ እኮ ነው!"

ናሙናዋን ነክረው፣ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ ወጠሯት። ከዚያ ለልጃቸው ስልክ ደወሉ። "ሚስትህ ዛሬ ሻንጣዋን ትይዛለች" አሉት። እሱ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቅ፣ "ማታ ራሷ ትነግርሃለች" ብለው ዘጉ።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ባልቴቷ በየአሥር ደቂቃው ናሙናዋን በጣታቸው ይነካሉ። ገና ናት። ምራቲቱ በር ላይ ቆማ አንዴ ናሙናዋን፣ አንዴ ሰዓቱን ታያለች። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

"እኔ ነኝ፣ እማማ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለሴትየዋም እንደዚያው ይንገሯት። ናሙናዋን ግን ይተዉዋት።"

"ከጠዋት ጀምሮ ስትክጂ ውለሽ አሁን?"

"አሁን አመንኩ። ሻንጣዬን ልያዝ።"

ባልቴቷ ደስ ሊላቸው ሲገባ ይበልጥ ተናደዱ። ያለ ማስረጃ ምራቷን አባረረች ሊባሉ ነው። አይሆንም፤ ሴትየዋ በዓይኗ ታያለች።

የበሩ ደወል ጮኸ።

ባልቴቷ እስፒሎቹን ከናሙናዋ ላይ እየነቀሉ ጣሉ። ደርቃለች። ወስደው ሠላሳዎቹ ረድፎች ላይ አስቀመጧት። ወደ ግራ አንሸራተቷት፤ ወደ ቀኝ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ሞከሩ። ከዚያ ከፍ አደረጓት፤ ዝቅ አደረጓት፤ ከመጀመሪያው ቀይ ክር እስከ አሥረኛው ድረስ እየተንበረከኩ ሄዱ። ደወሉ ደግሞ ጮኸ።

ከሠላሳዎቹ ረድፎች በቀር፣ የትም ቢያስቀምጧት ቀዳዳ በቀዳዳ ገጠመች።