ሁለቴ የተለቀለቀው ብልቃጥ

ዶክተር ታከለ የታጠቡትን ብልቃጦች አንድ በአንድ እያነሱ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያወጣሉ። አሥራ አንደኛው ላይ እጃቸው ይቆማል። ላዩ የተለጠፈው ወረቀት በውሃ ርሶ ተልጧል፤ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ የቀረው ግማሹ ነው።

«ይኸው» ይላሉ። «ይኸው፣ ታጥቦ!»

የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ውቢት ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆማለች። ብልቃጡ ስምንት ወር የተጠበቀ ዕቃ ነው፤ ከውጭ አገር በበረዶ ታሽጎ መጥቶ ትናንት ጎንደር የገባ። ኢንተርፌሮን ይሉታል። የሰው ገላ በሽታ ሲገባበት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ ይኸኛው ግን ከሰው አልተቀዳም፣ ጂን የሚሉትን የሰው ዘር ቅንጣት ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ያስመረቱት ነው። ለምርምር ብቻ። ዶክተር ታከለ ካላ አዛር የተባለው የቆላ በሽታ በያዛቸው ሰዎች ደም ላይ ሊሞክሩት ነበር። ከመተማ የመጣው በሽተኛ የፋንታሁን ደም ጠዋት ተቀድቶ እዚያው መደርደሪያው ላይ ይጠብቃል።

«ጓድ ዶክተር» ይላል የአስተዳደሩ ጓድ ማሩ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ እንደዘረጋ፤ «ባዶ ጠርሙስ ታጠበ ብዬ ነው የምጽፈው?»

«ባዶ አልነበረም። በዓይን አይታይም እንጂ ፕሮቲኑ ከሥሩ ተለጥፎ ነበር።»

«የማይታይ ነገር ጠፋ! ድንቅ ነው።» ሊስቅ ብሎ ሥልጣኑ ትዝ ይለዋል። «ማን አጠበው?»

«እኔ ነኝ» ትላለች ብርቄ። የላቦራቶሪው ዕቃ አጣቢ ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ ርሷል። «በሙቅ ውሃ፣ ሁለቴ አለቅልቄ። ሸጋ አርጌ ነው ያጠብኩት።»

እዚህ ቤት ብልቃጥ አይጣልም። ባዶ የሆነ ሁሉ ሳፋው ውስጥ ይገባል፤ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ እንደገና ይሠራበታል። ብርቄ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም አልሰበረችም።

ጠዋት ሳጥኑን የከፈተችው ውቢት ናት። ብልቃጡን ነቀነቀችው፣ ገልብጣ አየችው፤ ምንም የለበትም። «ፈረንጆቹ ባዶውን ልከው ቀለዱብን» አለችና ክዳኑን ነቅላ ሳፋው ውስጥ ወረወረችው፣ ብርቄ እያየቻት። የአጠቃቀሙ ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ እንደታጠፈ ነበር። አላነበበችውም። ሥራ ቸኩላ ነበር፤ ሁልጊዜም ትቸኩላለች።

«ሳፋው ውስጥስ ማን ጨመረው?» ይላል ማሩ።

ብርቄ ቀና ብላ ውቢትን ታያታለች። ብዙ አትቆይም። ወደ ውሃው ትመለሳለች።

«ማን ይጨምረዋል። ባዶ ያየሁትን አጥባለሁ።»

«ይኼ የሕዝብ ሀብት ማጥፋት ነው። ከሥራ ያስባርራል። አሻጥርም ሊባል ይችላል።»

«ኧረ በእመብርሃን! ምነው ጓድ፣ አሻጥር የሚሠራ ሰው ሁለቴ ያለቀልቃል?»

ውቢት አፏን ትከፍታለች። አሁን ትናገራለች።

«ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ነው» ትላለች፤ ድምፅዋ ፈተና ላይ የቀረበች ተማሪ ድምፅ ነው። «ማንም ሰው በዓይኑ ሊያየው አይችልም። እሷ ልትቀጣበት አይገባም።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ጆሮዋ ድረስ ይግላታል።

«ልክ ነች» ይላሉ ዶክተር ታከለ፣ ብልቃጡን አስቀምጠው። «ማንበብ ከማትችል ሴት ምን ይጠበቃል? ቀለል አድርገው፣ ጓድ ማሩ።»

ማሩ ቀለል ያደርገዋል። መባረሩ ይቀርና ብርቄ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሬሳ ቤት ጽዳት ትዛወራለች።

ብርቄ ወደ ውቢት ዞራ ጎንበስ ትላለች። «ስለተናገርሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

ውቢት የብርቄን ፊት ትፈትሻለች። ሽሙጥ ብታገኝበት ደስ ባላት ነበር። የለበትም።

ማሩ የቅጣቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ለጣት አሻራ የሚሆነውን ቀለም ይከፍትላታል።

«ይኼ ለምኑ ነው?» ትላለች ብርቄ። «መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ። ፊርማ አለኝ።»

እስክሪብቶውን ተቀብላ ስሟን ትጽፋለች። አንዱን ፊደል አይታ ሳትረካበት ወደሚቀጥለው አታልፍም። ዶክተር ታከለ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

«ምስክር» ይላል ማሩ፣ ከስሟ ሥር ያለውን መስመር በጣቱ እየነካ። «አንቺ ፈርሚ፣ ጓድ ውቢት። ጠዋት የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

ብርቄ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ እስክሪብቶውን ታቀብላታለች። ውቢት ትቀበላታለች። እርጥብ ነው፤ የብርቄ እጅ ሙቀትም ገና አልለቀቀውም።