የገረመው ቀን

የዕድራችን ጥሩምባ ድሮ ሞት ነበር የሚያረዳው። ዛሬ ግን ጥሩምባ ነፊው "መብራት አጥፉ፣ የገረመው ቀን ነው!" እያለ ሰፈሩን ዞረ።

ባለቤቴ ገረመው ሲሞት ሳይቀበር፣ አንጎሉ እንዲቆይ ሰፈራችን ባለው የማቀዝቀዣ ማዕከል በብርድ ከተኛ ስድስት ዓመቱ ነው። በዓመት አንዴ አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። መልሱ ከአንጎሉ የምትወጣ ኢምንት ኤሌክትሪክ ናት፤ ሰፈር ውስጥ አንድ ፍሪጅ እንኳ ከሠራ በእሱ ረብሻ ትዋጣለች። እሷን ለመለካት ሰፈሩ መብራት አጥፍቶ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። አምና ፍሪጁ ጠፍቶ የጎረቤቴ የእትዬ ዘነቡ የልጅ ልጅ ወተት ተበላሽቶ፣ መልሱም ሳይገኝ ቀረ። አንድም ቀን አላነሱብኝም። ዘንድሮም ዝም ካለ ሰፈሩን ላሳርፍ ቆርጬ ነበር።

የማዕከሉ ባለሙያ አዲስ ፈጣን መለኪያ አምጥታ፣ "ይጠይቋቸውና እስከ አምስት ይቁጠሩ" አለችኝ።

ጠይቄው ሦስት ሳልደርስ የመለኪያው መስመር ዘለለ። "አዎ ብለዋል!" አለች።

እያለቀስኩ ወጣሁ። እትዬ ዘነቡ ለሦስት ቀን ጨለማ የሚበቃ ዳቦ ቆሎ ይዘው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ አለቀ እኮ! መለሰልኝ!"

"እሰይ! ምን ብለሽ ጠየቅሽው?"

"ሰፈሩ ለእሱ ብሎ እንደሚጨልም ያውቅ እንደሆን።"

 ዳቦ ቆሎውን ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝና፣ "በይ ብዪ" አሉኝ፤ "ለከርሞም እናጠፋለን።"