የቆርቆሮ ጥርስ

በዚያ ዓመት ከደባርቅ ዳባት ለመውረድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። የሚፈርመው የቀበሌው ሊቀ መንበር ቢራራ ነው። ቢራራ ለሕግ ሟች ነው፤ አንድ ልጁ ክንዴ ከውትድርና ምልመላ ሸሽቶ ሱዳን ገባ በተባለ ጊዜ እንኳ፣ ባገኘው በእጄ አስረክበዋለሁ ብሎ በስብሰባ ላይ ምሎ ተጨብጭቦለታል።

አሁን ያንገበገበው ሌላ ነው። የሚስቱ፣ የበለጠች፣ መንጋጋ ጥርስ ተሰብሮ፣ ዳባት ያለው ጥርስ ሠሪ ወልደ ሩፋኤል ጥርሱን የሚሸፍነው ዋናው ቆብ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጊዜያዊ ቆብ አልብሷታል። ቆቡ ግን ሳምንት ሳይሞላው ይወልቃል። በወለቀ ቁጥር በለጠች ሁለት ሰው የሚያጠግብ በሶ ቋጥራ ወረቀቷን ታስፈርማለች።

ወልደ ሩፋኤል ሚስት የለውም፤ መልኩም አይጠላም። የዚያ ሰው ጣት ሚስቱ አፍ ውስጥ ሲገባ በዓይነ ሕሊናው እየታየው ቢራራን እህል አልዋጥልህ አለው። ቀናህ ቢሉት አይክድም ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይበለው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ገብረ ኪዳን ዘንድ ሄደ።

ገብረ ኪዳን እንዳስረዳው ጊዜያዊ ቆብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተሠርቶ የሚመጣ ቆርቆሮ ነው፤ አንገቱን በጉጠት ቆንጠጥ አድርገው ይደፉታል እንጂ ልክ አይሆንም፣ ምራቅ በክፍተቱ ገብቶ ማጣበቂያውን ያጥበዋል። ሌላው ዱቄትና ፈሳሽ ተለውሶ እዚያው ጥርሱ ላይ የሚደርቅ ነው፤ የጥርሱን ቅርጽ ስለሚይዝ በቀላሉ አይነቃነቅም። ወልደ ሩፋኤል ሁለቱም አለው።

ቢራራ ቤቱ ገብቶ ጠየቃት።

«ያንን ተለውሶ የሚሠራውን ለምን አያደርግልሽም?»

«ቆርቆሮው ይሁንልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ዓይኗን ሳታነሣ። «የዚያኛው ሽታ ራሴን ያዞረኛል።»

ከዚህ ወዲያ ምስክር አላስፈለገውም። በለጠች ከዓምና ጀምሮ ቤት ውስጥ ስቃ አታውቅም፤ ከዳባት ስትመለስ ግን ፊቷ በርቶ ነው።

በሚስት ጉዳይ መክሰስ ውርደት ሆነበት። ስለዚህ ሰው በቀላሉ የማይወጣውን ክስ መረጠ፤ ወልደ ሩፋኤል ከምልመላ የሸሹ ወጣቶችን በቤቱ ይደብቃል ብሎ ለዳባቱ ሊቀ መንበር ጻፈ። ከራሱ የፈጠረው ነገር ነው። ቢሆንም ማኅተሙን አሳርፎ በመጀመሪያው መኪና ላከው።

ሐሙስ ዕለት ቆቡ እንደገና ወለቀ። አልፈርምም አላት። በለጠች እግሩ ላይ ወደቀች።

«አንድ ቀን ብቻ ልውረድ። ከዚያ ወዲያ ጥርስ የሚባል ነገር አላነሣብህም።»

ለዚያ ሰው ብላ እግሩ ላይ መውደቋ ቅናቱን አባሰበት፤ ረግጧት ወጣ።

ቅዳሜ መልሱ መጣ። ቢራራ በለጠችን ጠርቶ ፊቱ አቆማትና ቃል በቃል እንድትሰማው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ጓድ ቢራራ፣ ጥቆማዎ እውነት ሆኖ ተገኝቷል፤ ወልደ ሩፋኤል ታስሯል፤ ጓዳው ውስጥ ተደብቆ የተያዘው ወጣት ክንዴ ቢራራም ዛሬ ጧት ወደ ማሠልጠኛ ተጭኗል።»