ባለቤቱ ያልታወቀ አዝራር

በ2014 ዓ.ም. ዝናቡ ዘገየ፤ ከዚያም ጭራሹን ቀረ። ያለፈውን ዓመት ቦሎቄ ለነጋዴ ሸጦ የጨረሰው ገበሬ፣ የአሮጌ ኮቱን አንገት በመርፌ ቁልፍ አያይዞ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቦሎቄ ሊገዛ ከተማ ወረደ።

የገዛው ሴት ልጁን ለማግባት ከሚለምነው ወጣት ባለሱቅ ነው። ፓኬቱ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ።

"ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣ አባባ። በማሽን የተለቀመ።"

እራት ላይ ገበሬው አንድ ጠንካራ ነገር ነከሰ። ጥርሱ ተሸረፈ። ከአፉ ያወጣው ቡናማ አዝራር ነበር፤ ቁራጭ ክር ቀዳዳው ላይ ቀርቷል።

"ቡናማ አዝራር በቀይ ክር! ይህን የሰፋች ሴት ምን ዓይነት ናት?"

"ሌላ ክር ያለቀባት ትሆናለች" አለች ሚስቱ ከምድጃው ሳትዞር።

ገበሬው አዝራሩን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። "ጥፋተኛው እስኪገኝ ሠርግ የለም።"

"አባዬ፣ እሱ አልሰፋውም!" አለች ልጁ።

"ሸጦታል።"

ባለሱቁ ስልኩን አነሳ። ጅምላ ሻጩ የተቀበልኩትን ነው የሰጠሁት አለ። አስመጪው ፋብሪካውን ጠይቁ አለ። ፋብሪካው ስንት ጊዜ ተለምኖ መለሰ፦ ቦሎቄው ከብዙ አገር በመርከብ መጥቶ አንድ ላይ ተደባልቋል፤ ከማን ማሳ እንደወጣ አይታወቅም።

"ባለቤት የሌለው አዝራር የለም" አለ ገበሬው። "አግኝና ልጄን ውሰድ።"

"አባባ፣ የዓለሙን በር ሁሉ ላንኳኳ?"

"ወጣት ነህ። አንኳኳ።"

ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷን ከሰላምታ በቀር አላናገረችም። ባለሱቁም መክሳት ጀመረ።

አንድ ማለዳ መርፌ ቁልፉ ተከፍቶ የገበሬውን አንገት ወጋው። ኮቱን አውልቆ ለሚስቱ ወረወረላት።

"ለዚህ ነገር አዝራር ፈልጊለት። ካምናው ውቂያ ወዲህ እንዲሁ እያስቸገረኝ ነው።"

ሚስቱ እጇን ኪሱ ውስጥ ከትታ አዝራሩን አወጣችና ኮቱ ላይ ከቀሩት አዝራሮች ጎን ያዘችው፤ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም በቀይ ክር የተሰፉ ናቸው፤ ገበሬው አንዴ አየት አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ልጁን ጠራ፦ "ያን ልጅ እሁድ ይምጣ በይው።"